በመንገድ ላይ ስለ ተጎዱ የጠላቂ አየር ሲሊንደሮች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች ግፊት ስለሚይዙ ዕቃዎች አንድ ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ቦይለር ለመናገር ነበር። ቦይለር ብዙዎቻችን የምናውቀው፥ ደንቡም በሚገባ የተጻፈለት ዕቃ ነው። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት በእጄ ያለፈ፥ እስከ ዛሬም አንዳንድ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ አንድ ጉዳይ ስላለ፥ ያንን ባቀርብ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ ወሰንሁ። ጉዳዩ ከውጭ አገር ሲመጡ በመንገድ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው የዐሥራ ሁለት የጠላቂ አየር ሲሊንደሮች ጉዳይ ነው።

ባሕር የሌለው አገር መሐንዲስ ስለ ጠላቂ ሲሊንደር ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ የኃይል ማመንጫ ግድብ ባለበት ሁሉ የውኃ መግቢያ በር አለ፤ በመግቢያውም ላይ ግንድና ቆሻሻ የሚያግድ የብረት ፍርግርግ አለ፤ ፍርግርጉም በጊዜ ብዛት ይደፈናል፥ ይዝጋል፥ ይጣመማል። ሐይቁን አጉድሎ ለማየት በማይቻልበት ጊዜ ሰው ጠልቆ በእጁ ዳስሶ ማወቅ አለበት። እኔም በዚያን ጊዜ እሠራበት የነበረው ድርጅት ለዚሁ ሥራ ሲሊንደሮቹን ከሁለት ልዩ ልዩ አቅራቢዎች አዝዞ ነበር። ስምንቱ በአሜሪካ ደንብ የተሠሩ የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች ሲሆኑ፥ አራቱ ደግሞ በአውሮፓ ደንብ የተሠሩ የብረት ሲሊንደሮች ነበሩ። የሁለት አገር ዕቃ በአንድ ኮንቴይነር መምጣቱ በዚያን ጊዜ ማናችንንም አላሳሰበንም። ኋላ ግን ሊያስከፍለን የነበረውን ዋጋ እነግራችኋለሁ።

ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት ልበል። ዛሬ ጠላቂዎች የሚገለገሉበት መሣሪያ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1943 በፈረንሳይ አገር ሲሆን፥ ሥራውም የባሕር ኃይል መኮንኑ የዣክ ኢቭ ኩስቶና የጋዝ መሐንዲሱ የኤሚል ጋኛን ነው። ጋኛን በጦርነቱ ጊዜ ቤንዚን ስለ ጠፋ በጋዝ እንዲሄዱ ለተደረጉ መኪናዎች የሚሆን የጋዝ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር፤ ያንኑ አሳንሶ ለሰው ሳንባ አደረገው። ከመኪና ሞተር የተወለደ ነገር ለሰው እስትንፋስ መሆኑ እኛን መሐንዲሶችን ደስ ሊያሰኘን ይገባል። የመሣሪያው ብልኃት ያለው በመቆጣጠሪያው ላይ ነው፤ አደጋው ያለው ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ነው።

በብዛት የሚታወቀው የአሉሚኒየም ሲሊንደር 11.1 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ ባዶውን ወደ 14 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የውጭ ዲያሜትሩ 184 ሚሊ ሜትር ያህል፥ የግድግዳው ውፍረትም ወደ 11 ሚሊ ሜትር ነው። የሥራ ግፊቱ 207 ባር ነው። ይህን ያህል ግፊት የያዘ ሲሊንደር ቢፈነዳ አየሩ በድንገት ሲሰፋ የሚለቀው ጉልበት ወደ 450 ኪሎ ጁል ይደርሳል። አንድ ቶን ክብደት ያለው ዕቃ 45 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚበቃ ጉልበት ማለት ነው። በፈንጂ ቢመዘን ከ100 ግራም ቲ.ኤን.ቲ. ጥቂት ይበልጣል። ጠላቂው ይህን በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል፤ ነገር ግን ሲሊንደሩ ከውኃ በታች ሲፈነዳ አይሰማም ማለት ይቻላል። ከፍ ያለው አደጋ ያለው በሚሞላበት ሰዓት ነው፤ ግፊቱም ሙቀቱም የሚጨምረው ያን ጊዜ ነውና። ስለዚህ በተጎዳ ሲሊንደር አጠገብ የሚቆመው ሰው ኮምፕሬሰሩን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ነው። የደመወዙ መጠን ከሁላችን ያነሰው፥ በስብሰባም ላይ ስሙ የማይነሣው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልመለስ። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ወደብ ደርሶ ከተከፈተ በኋላ ሲሊንደሮቹ ወደ ሌላ የጭነት መኪና ተዛውረው በመንገድ መጡ። የአሉሚኒየሞቹ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተጋድመው፥ የብረቶቹ ደግሞ በማዕዘን ብረት በተበየደ መደርደሪያ ላይ ቆመው ነበር። ሁሉም እንደ ደንቡ ባዶ ናቸው፤ ይኸውም እርጥበት እንዳይገባባቸው ሁለት ባር ያህል ብቻ አየር ተትቶባቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ሲሊንደር በሙሉ ግፊቱ ከተጫነ አደገኛ ጭነት ይሆናል፤ የራሱ የሆነ የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር፥ ምልክትና ሰነድ ያስፈልገዋል። 20 ዲግሪ ላይ 200 ባር የነበረው አየር በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ 60 ዲግሪ ቢደርስ 227 ባር ይሆናል። ጤነኛ ሲሊንደር ይህን ይችለዋል፤ አሉሚኒየሙ የሚፈተነው በ345 ባር ነው። ችግሩ በመንገድ ላይ ጤነኛ ሆኖ ለመቆየቱ ማረጋገጫ አለመኖሩ ነው። በአውሮፕላን ሲላክ ደግሞ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ቫልቩ ፈጽሞ ተፈትቶ ውስጡ እንዲታይ ያዝዛሉ። ደኅንነት ነው፤ ግን የተከፈተው አንገት አቧራ ይጠጣል፥ ጥርሱም ከሌላ ዕቃ ጋር እየተጋጨ ይላጫል። ክዳን ያላደረገ ላኪ ሲሊንደሩን በገዛ እጁ ይጎዳዋል።

ዕቃው በደረሰበት ዕለት እኔ በመስክ ሥራ ላይ ነበርሁ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሣጥኖቹን ቆጥሮ በሞዴል 19 ላይ «12 ሲሊንደር፥ በመልካም ሁኔታ» ብሎ ፈረመ። እርሱን አልወቅሰውም፤ ሥራው መቁጠር ነው፤ በቁጥርም አልተሳሳተም። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሼ ሣጥኑን ባስከፈትሁ ጊዜ ግን ካገዳደሙት እንጨቶች ሁለቱ ተሰብረው፥ ሲሊንደሮቹ እንደ ፈቀዳቸው ሲንከባለሉ መምጣታቸውን አየሁ። የሦስቱ አሉሚኒየሞች ቫልቭ ተጣሟል። አንደኛው ሆዱ ላይ የፎርክሊፍት ሹካ የነካው የሚመስል ረዥም ጭረት አለበት። ከብረቶቹ አንዱ ሰርጉዷል።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ትክክል ነበር። ቫልቮቹን አንድ በአንድ ትንሽ ከፈት አደረግሁ። ያ ሁለት ባር አየር «እስ» ብሎ ከወጣ ውስጡ እንደ ታሸገ ደርሷል ማለት ነው። ድምፅ ካልሰጠ ግን በመንገድ ተንፍሶ የባሕር ዳር እርጥብ አየር ገብቶበታልና ቫልቩ ተፈትቶ ውስጡ በመብራት መታየት አለበት። በአሉሚኒየም ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይገኛል። በብረት ላይ ነገሩ የከፋ ነው። ዝገት ኦክስጅን ይበላል፤ እርጥብ የብረት ሲሊንደር ተሞልቶ ለረዥም ጊዜ ከተቀመጠ አየሩ ሽታም ቀለምም ሳይለወጥ ኦክስጅኑ ይጎድላል፥ ጠላቂውም ያለ አንዳች ምልክት ራሱን ይስታል። ከእኛዎቹ ድምፅ ያልሰጠው አንድ አሉሚኒየም ብቻ ነበር፤ ውስጡ ታጥቦ ደረቀ።

ቀጥሎ ለካሁ። የተጎዳ ሲሊንደር በዓይን ግምት አይፈረድበትም፤ መለኪያ አለው። በአውሮፓ ለየጊዜው ምርመራ በወጣው ደንብ መሠረት ጭረቱ ከግድግዳው ውፍረት ከመቶ ዐሥር እጅ በላይ ከጠለቀ ሲሊንደሩ ይወገዳል። የእኛው አሉሚኒየም ጭረት 1.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከ11 ሚሊ ሜትር ግድግዳ የሚፈቀደው 1.1 ነውና ወደቀ። ስለ ስርጉዱ የወጣው ደንብ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ጥልቀቱ ከሲሊንደሩ ውጭ ዲያሜትር ከመቶ ሦስት እጅ ቢበልጥ ይወገዳል፤ ወይም ደግሞ የስርጉዱ ስፋት ከጥልቀቱ ዐሥራ አምስት እጥፍ ቢያንስ ይወገዳል። የብረቱ ሲሊንደር ዲያሜትር 171 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይፈቀድለታል። የእርሱ ጥልቀት 3 ብቻ ነበር። የሥራው ኃላፊ ይህን በሰማ ጊዜ «እንግዲያው አልፏል» ብሎ ፊቱ ፈካ። ነገር ግን ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዐሥራ አምስት ጊዜ ሦስት 45 ነው። ወደቀ። ኃላፊው «ትንሽ ስለሆነ ነው የምትጥለው?» ብሎ ጠየቀኝ። በእርግጥም ትንሽ ስለሆነ ነው። ሰፊና ለዘብ ያለ ስርጉድ ግፊቱ ሲመጣ እንደ ሸራ ይለጠጣል፤ ጠባቡና ሹሉ ግን ጭንቀቱን ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ያከማቻል። በሞላና በጎደለ ቁጥር ያ ነጥብ ይታጠፋል፤ ስንጥቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያደረግሁትን በኩራት ልናገር እችላለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እያፈርሁ ነው የምነግራችሁ።

ሁለቱን ካስወገድሁ በኋላ ቫልቫቸው የተጣመመውን ሦስቱን አሉሚኒየሞች አየሁ። ገላቸው ንጹሕ ነው። ጠላቂዎቹ ከሌላ አገር በቀን ሒሳብ የተቀጠሩ ናቸው፤ ሰኞ ይደርሳሉ። በሥራ ማዘዣው ላይ «የተጣመሙት ቫልቮች ይተኩ፤ ሲሊንደሮቹ ይሞሉ» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። የቫልቩን ዓይነት አልጻፍሁም። የጥርሱን ልክ አልጻፍሁም። የውኃ ግፊት ፈተናውንም ከጥድፊያው በኋላ እናደርሳለን ብዬ ተውሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀምም አልደርስም ነበር።

የወርክሾፑ መካኒክ ከመጋዘን ያገኘው ከአሮጌ የብረት ሲሊንደሮች የተፈቱ ቫልቮችን ነበር። የአውሮፓ ቫልቭ ጥርሱ ኤም 25 በ2 ነው፤ ማለት የውጭ ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር፥ የጥርስ ርቀቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው አሉሚኒየም አንገት ግን ሦስት አራተኛ ኢንች ሲሆን ወንዱ ጥርስ ከ26 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፥ በኢንች 14 ጥርስ ስላለውም ርቀቱ 1.81 ሚሊ ሜትር ነው። የአውሮፓው ወንድ በአሜሪካው ሴት ውስጥ ይገባል። እንዲያውም በቀላሉ ይገባል። ጥርሶቹ የሚያያዙት በጫፎቻቸው ብቻ፥ በሚሊ ሜትር ሲሦ ገደማ ነው። ማሸጊያው ኦሪንግ ስለሆነ አየር አያፈስም፤ የሳሙና ውኃ ቢቀባም አረፋ አያወጣም። ከውጭ ለሚያየው ሰው ፍጹም ጤነኛ ነው። በ207 ባር ጊዜ ያን ቫልቭ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከአንድ ቶን ይበልጣል። እንዲህ ያለው የጥርስ አለመጣጣም በሌሎች አገሮች የሲሊንደር ሞይዎችን እንደ ጎዳና እንደ ገደለ የታወቀ ነው፤ እኔም በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። ማንበብና በማዘዣ ላይ መጻፍ ግን ለየቅል ናቸው።

ኮምፕሬሰሩን የሚያንቀሳቅሱት ሁላችን ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፥ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሰው ነበሩ። መካኒኩ ሁለቱን ቫልቮች ዓርብ ማታ ገጥሞ አንዱን ሲሊንደር ራሱ ሞልቶት ሄዷል። ሦስተኛውን ቅዳሜ ጠዋት እንዲገጥሙ የተነገራቸው እርሳቸው ናቸው። ሰው ልከው አስጠሩኝ።

«ኢንጂነር፥ ይኸ ቫልቭ አገባቡ ደስ አላለኝም» አሉ።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«እጄ ላይ ተወዛወዘ። የራሱ የሆነ ቫልቭ በእጅ ሲዞር ጠበብ እያለ ነው የሚሄደው። ይኸ ሰተት አለ፤ እንግዳ ቤት እንደ ገባ ሰው ነው። እስቲ ራስዎ ያዙር።»

አዞርሁት። ወዲያና ወዲህ ሳደርገው ይንቀጠቀጣል። የጥርስ መለኪያ አስመጥቼ በቫልቩ ላይ ሳሳርፍ በ2 ሚሊ ሜትር ገጠመ፤ በአንገቱ ላይ ሳሳርፍ አልገጠመም። ያን ጊዜ ሁለታችንም አንድ ጊዜ ዞር ብለን ግድግዳው ሥር በሰንሰለት ታስሮ የቆመውን፥ ማታ የተሞላውን ሲሊንደር አየነው። የግፊት ሜትሩ 200 ባር እንደ ነበር መካኒኩ በመዝገቡ ላይ ጽፏል።

ወርክሾፑን ባዶ አደረግን። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ማን ይቅረብ የሚል ነው። ጋሼ «እኔ የኖርሁትን ኖሬአለሁ፤ እርስዎ ገና ነዎት» ብለው ተነሡ። ማዘዣው ላይ ያለው ፊርማ የእኔ መሆኑን ነግሬ አስቀመጥኋቸው። በሕይወቴ ከአንድ ሽማግሌ ጋር በቁጣ የተናገርሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስት ሜትር ያህል የውኃ ቧንቧ አምጥተን ጫፉን በመጋዝ ሰንጥቀን የቫልቩን እጀታ እንዲይዝ አደረግነው። እኔ ከኮንክሪቱ ዓምድ ጀርባ ሆኜ፥ ራሴን ከቫልቩ አቅጣጫ አርቄ፥ ቧንቧውን በትንሽ በትንሹ አዞርሁ። አየሩ ማፏጨት ጀመረ። በኃይል ከተለቀቀ ቫልቩን እንዳያንቀጠቅጠው ፈርቼ ከዚያ በላይ አልከፈትሁትም። ባዶ እስኪሆን ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ከዓምዱ ጀርባ ቆሜ የራሴን የሥራ ማዘዣ በልቤ ደጋግሜ አነበብሁት። ኋላ ቫልቩን ስንፈታው የአሉሚኒየሙ ጥርስ ጫፎች ተልጠው ጭራሮ የመሰለ ብልጭልጭ ፍቅፋቂ ወጣ። አንገቱ በይገባል አይገባም መለኪያ ሲፈተን ደግሞ ወደቀ። በመንገድ ላይ አንዳች ጉዳት ያልነካውን ገላ የገደልሁት እኔ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ሲሊንደር እንዳይሞላ አዘዝሁ፤ ቀድሞ ያሳለፍኋቸውን ሳይቀር ሁሉንም እንደገና ማየት ጀመርሁ። በዚህ ሁለተኛው ምርመራ ከብረቶቹ በአንዱ ትከሻ አጠገብ የቀለሙ አንጸባራቂነት ከቀረው ጥቂት የተለየ ቦታ አገኘን። በአፍንጫ ሲቀርቡት ቲነር ይሸታል። ቀለሙን ስንፍቀው ሥሩ ስቱኮ ነበር፤ ላሜራ ሠሪ በመኪና በር ላይ የሚለቀልቀው ያው ስቱኮ። ስቱኮው ሲነሣ የምስር ፍሬ የምታህል፥ ዙሪያዋ የጠቆረ፥ መካከሏ የቀለጠ ነጥብ ታየች።

ነገሩን ለመገመት አያዳግትም። የብረቱ መደርደሪያ በመንገድ ላይ ተሰብሯል፤ ሰባራው በአዲስ ብየዳ ተያይዞ እንደ ነበር ከዚያ በፊት አይተን ምንም አላልንም። የበየደው ሰው ሲሊንደሮቹን ሳያወርድ በየደ፤ ኤሌክትሮዱም ሲሊንደሩን ነካ። ባለመኪናው ወይም ሌላ ሰው ጠባሳውን አይቶ፥ ምናልባትም በቅን ልቡና፥ ዕቃውን አሳምሮ ለማስረከብ ሲል ሸፈነው። ማን እንደ ሆነ አላወቅንም፤ ለማወቅም ብዙ አልደከምንም።

ከእናንተ መካከል የብረታ ብረት ባለሙያ የሆናችሁ ይህች ነጥብ ከዚያ ትልቅ ስርጉድ ይልቅ ለምን እንደምታስፈራ ታውቃላችሁ። ሲሊንደሩ ክሮምና ሞሊብዴነም ያለበት፥ በሙቀት ተጠንክሮና ለዝቦ የተሠራ ብረት ነው። የብየዳው ቅስት ነጥቧን በቅጽበት ያቀልጣታል፤ ዙሪያዋ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ ሙቀቱን በቅጽበት ይመጠዋል። ትኩስ ብረት በውኃ እንደ ነከሩት ነው። የሚቀረው ማርቴንሳይት የሚባለው እንደ ብርጭቆ ጠንካራና ተሰባሪ ነገር ነው፤ በውስጡም ብዙ ጊዜ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይኖራል። ደንቡ በዚህ ላይ ልኬት እንኳ አይጠይቅም፤ ቅስት የነካው ሲሊንደር ይወገዳል። የውኃ ግፊት ፈተናም ይህን ላያሳይ ይችላል። ፈተናው የሚለካው ሲሊንደሩ በጠቅላላው ምን ያህል እንደ ተለጠጠና ግፊቱ ሲለቀቅ ምን ያህሉ እንዳልተመለሰ ነው። በአሜሪካ ደንብ ያልተመለሰው ከጠቅላላው መለጠጥ ከመቶ ዐሥር እጅ ከበለጠ ይወድቃል። የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ግን በዚያ ሁሉ መለጠጥ ውስጥ ድርሻዋ አይታይም። ፈተናውን አልፋ፥ በመቶኛው ወይም በሁለት መቶኛው አሞላል ላይ ልትሰነጠቅ ትችላለች። የተጎዳ ሲሊንደር በፈተና ከማለፉ በፊት በዓይን፥ በዓይንም ከመታየቱ በፊት ከቀለሙ መራቆት ያለበት ስለዚህ ነው።

አሉሚኒየምን በተመለከተ ሁለት ነገር ባጭሩ ልጨምር። ቀለሙን ለማንሣትም ሆነ እንደገና ለመቀባት እሳት አይቅረብለት፤ ከ177 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቀ ሲሊንደር ጥንካሬውን እንዳጣ ይቆጠራል። ሁለተኛም የተሠራበትን ዘመን አንብቡ። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ብዙዎቹ 6351 ከተባለው ቅይጥ ይሠሩ ነበር፤ ይህ ቅይጥ ግፊት ይዞ ለረዥም ዘመን ሲቆይ አንገቱና ትከሻው ላይ የመሰንጠቅ ጠባይ እንዳለው ከታወቀ በኋላ በ6061 ተተካ። አሮጌዎቹ ግን ዛሬም በርካሽ ይሸጣሉ፤ በመንገድ የተጎዳ ዕቃን ለመተካት ርካሽ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው እነርሱኑ ነው።

የቀሩትን ስምንት ሲሊንደሮች ለውኃ ግፊት ፈተና ሰጠን፤ ሁሉም አለፉ። ለሦስቱ ቫልቮች ትክክለኛው ጥርስ ያላቸው ታዝዘው መጡ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ብቻ ቦታ አገኙ። ጠላቂዎቹ ስድስት ሳምንት ዘግይተው ሥራ ጀመሩ፤ ቀድሞ የተከፈለላቸው የቀን ሒሳብም ከስረን ቀረን። የሥራው ኃላፊ በዚያ ምክንያት ለብዙ ጊዜ አኩርፎኝ ነበር፤ እኔም አልፈረድሁበትም።

ይህን ኪሳራ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ከኢንጂነሪንግ ውጭ ይመስላል፤ ግን አይደለም። አብዛኞቹ የመርከብ ጭነት ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ1924 ብራስልስ ላይ የተፈረመውን ደንብ ይከተላሉ። በዚያ ደንብ ጉዳቱ የሚታይ ከሆነ በርክክብ ጊዜ፥ የማይታይ ከሆነ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መገለጥ አለበት፤ ካልተገለጠ ዕቃው በመልካም ሁኔታ እንደ ተረከበ ይገመታል። ክስም ቢሆን በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። እኛ ሣጥኑን የከፈትነው በሦስተኛው ቀን ሲሆን፥ ሞዴል 19 «በመልካም ሁኔታ» ይላል፤ በጅቡቲ ወደብም ዕቃው ሲዛወር ማንም አላየውም። ጉዳቱ በባሕር ይድረስ በየብስ ማስረዳት አልቻልንም፤ የመድን ድርጅቱም በዚሁ ሳይከፍለን ቀረ። እንግዲህ ዋጋውን የሚመልስልን እንደሌለ ባወቅን ጊዜ፥ ያ ሁሉ ብር በኮምፕሬሰሩ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው። «ትንሽ ናት፥ ሙላት» የሚለው ቃል የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። በርክክብ ላይ ሦስት ፎቶግራፍ ማንሣትና «ሣጥኑ የተሰበረ፥ ይዘቱ ያልተመረመረ» ብሎ መጻፍ ያን ቃል አስቀድሞ ይገድለዋል። ከዚያ ወዲህ በእኔ ክፍል የግፊት ዕቃ ሲመጣ መሐንዲስ ሳይኖር ሞዴል 19 አይቆረጥም። የግምጃ ቤቱ ኃላፊም ይህን በደስታ ተቀብሎታል፤ ለካስ እርሱም በፊርማው ይጨነቅ ኖሯል።

ስለ አስተሻሸጉም ከአቅራቢዎቹ ጋር ተጻጽፈናል። ሲሊንደር ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይላክ፤ ቫልቩ ክዳን ይኑረው፤ ሁለት ሲሊንደር ብረት ለብረት አይነካካ፤ የሁለት ደንብ ዕቃም በሁለት ሣጥን፥ የጥርሱ ልክ በላዩ በቀለም ተጽፎ ይምጣ። የመጨረሻው ትዕዛዝ እንግዳ ሆኖባቸው ምክንያቱን ጠየቁን። ጻፍንላቸው።

የወደቁት አራቱ ሲሊንደሮች ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። የተወገደ ሲሊንደር ዳግመኛ ግፊት እንዳይዝ ተደርጎ መበላሸት አለበት፤ ይበሳል ወይም ይቆረጣል። የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ግን ያለ ማስወገጃ ኮሚቴ ውሳኔ ልንነካው አልተፈቀደልንም፤ ኮሚቴውም ለስምንት ወር አልተሰበሰበም። ሲሊንደሮቹ በቀይ ቀለም ተቀብተው፥ አንገታቸው በሽቦ ታስሮ በግምጃ ቤቱ ጥግ ተቀመጡ። አንድ ቀን ያንን ቅስት የነካውን ሲሊንደር ቀዩ ቀለም ተፍቆ፥ ሽቦው ተፈትቶ፥ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። አዲስ የመጣ ሠራተኛ ገላው ንጹሕ መስሎት ሊጠቀምበት አምጥቶት ኖሯል። በዚያው ሰዓት ጋሼና እኔ የኮሚቴውን ፈቃድ ሳንጠብቅ በመጋዝ ለሁለት ከፈልነው። ለዚህም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኝ በግል ማኅደሬ ውስጥ ተቀምጧል።

ክቡር ሊቀ መንበር፤ ማኅበራችን ማስወገጃ ኮሚቴ ሳይጠበቅ የግፊት ዕቃን መቁረጥ ለመሐንዲሱ የሚፈቅድ ደንብ እንዲወጣ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንዲጽፍ ጥያቄዬን በጽሑፍ ለጸሐፊው አስረክቤአለሁ። ከሲሊንደሩ የቆረጥሁትን ቁራጭ ደግሞ ይዤ መጥቻለሁ። ፊቱ ተወልውሎ በናይትሪክ አሲድና በአልኮል ድብልቅ ስለ ታጠበ፥ ቅስቱ የነካው ቦታ እንደ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩም ወደ ውስጥ የምትገባ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለች። አጉሊ መነጽሩ ከጎኑ ነው። እየተቀባበላችሁ ተመልከቱት፤ ጠርዙ ስለሚቆርጥ ጣታችሁን ጠብቁ።